ሐዲዱን ስታቋርጪ

ነይ እንጂ ሂንድያ፣ ፀሐይ ሳትከርር፣
ባጃጅ ሳይነቃ፣ አቧራ ሳይበርር፤
የከዚራ ዛፎች ጥላቸው ሲረዝም
ለመውደቅም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

ይቺ ፎኒክስ በዕድሜዋ የመጀመሪያ ልጅሽን ትበልጣለች፤
ቀለሟ ቢላጥም በደወሏ እስከ መጋላ ትጣራለች።
ኮርቻዋን ዝቅ አርጌያለሁ፣ ጣትሽ መሬት እንዲነካ፤
ስትለምጂ ከፍ ይላል፣ በጉልበትሽ ልክ ሲለካ።

በሰዓት ሃምሳ ሳንቲም አከራይ ነበርኩ በደጉ ዘመን፤
ያስተማርኩት ሕፃን ስንቱ፣ ሰው ሆኖ ረሳን።
ሃምሳ የሞላት ተማሪ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።
ሌሊት ለምጥ ስትጠሪ ባጃጁ ሦስት እጥፍ ጠየቀ፤
አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳለሽ ልጁ ቀድሞሽ ዘለቀ።
ያን ቀን ነው ከደጄ ቆመሽ «ብስክሌት አስተምረኝ» ያልሽ፤
ጎረቤት ስቆ ሳይጨርስ እጀታውን የጨበጥሽ።

ዓይንሽን አንሺ። ጎማውን አትዪው፤ ጥሎሽ የትም አይሄድ፤
እዚያ ማዶ ያ ቢጫ አጥር፣ እሱን እዪ፣ እሱ ነው ያንቺ መንገድ።
ጉድጓድ ካየሽ ከጉድጓድ ነሽ፣
ግመል ካየሽ ከግመል ሥር፤ ባለቤቱን ምን ትያለሽ?

ትከሻሽን ልቀቂው፤ እጀታው ዕዳ አይደለም፣
እንዲህ አንቀሽ ከያዝሽው ጣትሽም ደም አያገኝም።
ተንፍሺ።
«ተንፍሺ» ስል ሳቅሽ መጣ፤ ከነብስክሌትሽ ቆምሽ፣
«ስንቷን ሴት በዚሁ ቃል ነው ያገላገልኳት» አልሽ።

ፍሬን ሁለት ነው አቦ። የቀኙ የፊቱ ነው፤ እሱን ብቻ ከጨመቅሽ
ከኮርቻሽ ነቅሎ፣ አስፋልት ላይ ይሰግዳል ግንባርሽ።
የግራውን አስቀድሚ፣ ቀስ፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት በር፤
ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ቂጥሽን ወደ ኋላ... ወገብሽን ለማለት ነበር።

ስትታጠፊ እጅሽን ዘርጊ፤ አስቀድመሽ ግን ወደ ኋላ
እዪ፤ ባጃጅ የሚመጣው እንደ ተወረወረ ዱላ።
ከቆመ መኪና ራቂ፣ የክንድ ያህል፣ ከዚያም በላይ፤
በሩን በርግዶ የሚወርድ ሰው ወደ ኋላ መቼም አያይ።

ደቻቱ አሸዋ ላይ ፍሬን የለም፤ ሰምተሻል? ፍሬን የለም።
እጅሽን አላልተሽ ርገጪ፤ አሸዋ ያመነታን እንጂ የሚረግጠውን አይጥልም።
ተራራው ላይ ደመና ካለ ግን፣ ውረጂ፤ በድልድይ ዙሪ።
በደቻቱ ነገር እንኳን አንቺ፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ፈሪ።

አሁን ሐዲዱ። እዚህ ጋ ቁሚ።

ባቡሩ ትቶት ስንት ዘመኑ፤ ዝጓል፣ ሣር በልቶታል ግማሹን፤
ጎማ መንከስ ግን አልረሳም፤ ይኸው ጉልበቴን እዪ፣ ምስክሩን።
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ለአባቴ ወርክሾፕ ምሳ ሳደርስ
በሰያፍ ገባሁ፣ ችኩል። ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ሰመጠ።
ሳህኑ ለብቻው ተንከባለለ፣ እኔም ለብቻዬ።
አባቴ ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ ያነሣው ሳህኑን ነበር።
እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሐዲድን በጎን አትምጪበት፤ ፊት ለፊት ግጠሚው፣ ቀጥ በይ፤
ጉልበትሽን ሞላ አርጊው፤ ብድግ በይ ከኮርቻሽ ላይ።
ሁለት ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ የፊቱ ጎማ፣ ከዚያ የኋላው።
አንድ ረዥም ፉጨት ከሰማሽ ግን ያ የኔ ታሪክ ነው፣ አትድገሚው።

ስድስት ማለዳ እንዲህ ሄደ። በሰባተኛው ኮርቻሽን ይዤ እየሮጥኩ
ሦስተኛው ዛፍ ላይ ለቀቅኩሽ፤ እንዳትሰሚ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ቢጫው አጥር ደርሰሽ ዞርሽ፣ ፍሬን ያዝሽ፣ በግራ እግርሽ ቆምሽ፣
«እጅህ ሲለቅ ዐውቄያለሁ፤ እጅ መልቀቅ ሥራዬ ነው» አልሽ።
ከዚያ ቀሚስሽ ሰንሰለት ገብቶ ኖሮ ወደቅሽ፣ እዚያው፣ ቆመሽ ሳለሽ።
የዳቦ ቤቱ ልጅ ዳቦውን ጥሎ ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ።

ትናንት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ነሥቶኝ ደጅ ተጋድሜ፣
ደወል ሰማሁ፤ የፎኒክሷ፤ እንኳን ነቅቼ፣ ዐውቀዋለሁ በሕልሜ።
ውሾች ጮኹ፣ ዝም አሉ። ከየትኛው ቤት እንደ ጠሩሽ አላውቅም፤
ቁጭ አልኩ፣ ጆሮዬ ወደ ሐዲዱ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ ትንፋሽም የለኝም፤

ዱብ።

ዱብ።